የክሬቲኒን ምርመራና የያፌ ቀለም

ጀርመናዊው የፋርማኮሎጂ ሊቅ ማክስ ያፌ እ.ኤ.አ. በ1886 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ፒክሪክ አሲድ በጤነኛ ሰው ሽንት ላይ ሲጨመር የሚፈጠረውን ዝቃጭ መርምሯል። ክሬቲኒን በአልካሊ ውስጥ ከፒክሪክ አሲድ ጋር ሲገናኝ ብርቱካናማ ቀይ ቀለም እንደሚሰጥ የገለጸውም በዚሁ ጽሑፍ ነው። ይህን ቀለም ወደ መለኪያነት ያሸጋገረው ግን እ.ኤ.አ. በ1904 ኦቶ ፎሊን ነበር። ስለሆነም በላቦራቶሪዎች «ጃፌ» በሚባለው ዘዴ ላይ የሚሰነዘረው ትችት፣ በግኝቱ ላይ ሳይሆን ከአቅሙ በላይ በተጣለበት እምነት ላይ ሊያነጣጥር ይገባል።

እንዳለ ለመለካት የሚያስቸግርን ውህድ በቀላሉ ወደሚለካ ሌላ ውህድ መለወጥ በትንተና ኬሚስትሪ ዴሪቫታይዜሽን ይባላል። ክሬቲኒን በራሱ ቀለም የለውም፤ መሣሪያው የሚያነበው ከፒክሬት ጋር የፈጠረውን ውህድ ነው። ዘዴው ርካሽና ቀላል በመሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል፤ ውለታው ሊካድ አይገባም።

ይሁን እንጂ ፒክሬት ክሬቲኒንን ብቻ ለይቶ አይዝም። አሴቶአሴቴት፣ ፕሮቲን፣ ከፍተኛ የግሉኮስ መጠንና እንደ ሴፎክሲቲን ያሉ መድኃኒቶች ውጤቱን ከእውነተኛው በላይ ከፍ ያደርጉታል፤ ቢሊሩቢን በአንጻሩ ዝቅ ያደርገዋል። በኪቶአሲዶሲስ የተያዘ የስኳር ሕመምተኛ ላይ፣ ከሰውነት ፈሳሽ ማነስ የሚመጣው እውነተኛ ጭማሪ ከሐሰተኛው ጋር ስለሚደባለቅ የኩላሊቱ ጉዳት ከሆነው በላይ ገዝፎ ሊታይ ይችላል። ዓይኑ ቢጫ በሆነ ሕመምተኛ ላይ ደግሞ ጉዳቱ ተሸፍኖ፣ በኩላሊት የሚወገድ መድኃኒት ከሚገባው በላይ ሊሰጥ ይችላል።

የቀለሙን ለውጥ ፍጥነት በተመረጠ የጊዜ ገደብ ውስጥ መለካት ችግሩን ይቀንሰዋል። ውጤቱን በማስ ስፔክትሮሜትሪ ከተረጋገጠ መመዘኛ ጋር ማመሳከርም ላቦራቶሪዎችን አቀራርቧል። ነገር ግን ካሊብሬሽን የመለኪያውን ሚዛን ያስተካክላል እንጂ በአንድ ሕመምተኛ ደም ውስጥ ያለውን ባዕድ ነገር አያስወግድም። የኢንዛይም ዘዴ ክሬቲኒንን በመለየት ረገድ የተሻለ ነው፤ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ሲሆን እርሱም ከእንከን ፈጽሞ የጸዳ አይደለም።

እንግዲህ ያፌን ማስወገድ ለማይችል ላቦራቶሪ ቢያንስ የዘዴውን ስም በውጤቱ ወረቀት ላይ ማስፈር ግዴታው ሊሆን ይገባል። ሐኪሙም ቁጥሩ ከሕመምተኛው ሁኔታ ጋር ሳይጣጣም ሲቀር በምን ዘዴ እንደተለካ ሊጠይቅ፣ ኪቶኑ ከጠፋ በኋላም ምርመራውን ሊያስደግም ይገባዋል። ቀለሙ የክሬቲኒን ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ይመረመራል።