«ቀረጸ» ወይስ «ቀዳ»? በቤት ኮምፒዩተር ቴሌቪዥን ስለ ማየትና ስለ ማስቀረት በሚነገሩ ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የቴሌቪዥን ሥርጭት በአገራችን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር ከተመልካቹ የሚጠበቀው መክፈት፣ ማየትና መዝጋት ብቻ ስለ ነበር ቋንቋውም ከእነዚህ ግሦች የሚያልፍ ነገር አልተጠየቀም። ዛሬ ግን አንድ የቤት ኮምፒዩተር ከዲሽ የሚመጣውን ምልክት በካርድ ተቀብሎ ያሳያል፤ በታዘዘው ሰዓት የምሽቱን ዜና ወይም ድራማ በዲስኩ ላይ ያስቀራል፤ ያስቀረውንም ወደ ፍላሽ ያሻግራል። እነዚህ የተለያዩ ተግባሮች ናቸው። ብዙዎቹ ተርጓሚዎቻችን ግን «ሪከርድ» የሚለውን ቃል ባዩ ቁጥር «ቅረጽ» ብለው ያልፋሉ። በዚህ ጽሑፍ የሚነቀፈው ይኸው ልማድ ነው።

«ቀረጸ» ራሱ ነውር የለበትም። ከግእዝ ጀምሮ በእንጨት ወይም በድንጋይ ላይ ፍቆና ቈርጦ ቅርጽ ማውጣትን ያመለክታል። ለድምፅ ሥራ መመረጡም በቂ ምክንያት ነበረው። ዳግማዊ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በ1891 ዓ.ም. ገደማ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ የድምፅ መልእክት የላኩበት ፎኖግራፍ ድምፅ የሚያስቀረው ሰሙን በመርፌ እየጫረ ነው። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር ያስቀረጿቸው ሸክላዎችም እንዲሁ የተጫረ መሥመር አለባቸው። በማግኔት ቴፕ ላይ ግን የሚጫር ነገር የለም። ሆኖም ግሡ በልማድ ቀጠለና «መቅረጸ ድምፅ» የሚለው ስያሜ ተሰጠ። ስያሜው በጽሑፍ ተከብሮ ሲኖር በየቤቱ «ቴፕ» አሸነፈው። ይህን ብዙ ሰዎች በባዕድ ቃል ፍቅር ያመካኛሉ፤ እኛ ግን ምክንያቱን በስያሜው አሠራር ውስጥ እናገኘዋለን። በግእዝ የዘርፍ አያያዝ የተገነባ ቃል በአማርኛ እርባታ ውስጥ ሲገባ ይደናቀፋል። «መቅረጸ ድምፆች» ሲባል የበዙት መሣሪያዎቹ ናቸው ወይስ ድምፆቹ? ይህ ሳይፈታ «መቅረጸ ምስል» የሚል ታናሽ ወንድም ማከል ችግሩን ማባዛት ነው።

አሁን ወደ «ቀዳ» እንለፍ። በግእዝ «ቀድሐ» ውሃ መቅዳትን ያሳያል። በአማርኛም ከምንጭ ውሃ፣ ከጋን ጠላ፣ ከካሴትም ካሴት ይቀዳል። በሦስቱም ቀጂው ያልፈጠረው፣ ከእርሱ አስቀድሞ የነበረ ነገር አለ። በጅማ ከተማ፣ በጊንጆ ጉዱሩ ቀበሌ የሚነገረውን አማርኛ ያዳመጠ ይህን ልዩነት ሳይቸገር ይገነዘበዋል፤ ሠርግ በካሜራ «ይቀረጻል»፣ ከዲሽ የመጣ ፊልም ግን «ይቀዳል»። እዚህ ላይ አንድ መቃወሚያ ሊነሣ እንደሚችል ግልጽ ነው፦ በስልክ የተያዘ የሰው ንግግርም «ተቀዳ» ይባላል እንጂ ሁልጊዜ «ተቀረጸ» አይባልም። ይህ ግን ሐሳባችንን ያጠናክረዋል። ንግግሩን የያዘው ሰው አላዘጋጀውም፤ ሲፈስ ደርሶ ዕቃውን ደገነበት እንጂ። ለቀረጻ ግን ብርሃን ይስተካከላል፣ ሰው ቦታ ቦታውን ይይዛል። ሕዝቡ በሁለቱ ግሦች የሚለየው መሣሪያውን ሳይሆን ሰውየው በሥራው ላይ ያለውን ድርሻ ነው።

ጅማን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማው፣ እንደ አጋሮና እንደ ሌሎቹ የቡና ከተሞች ሁሉ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ በአንድ አፍ የሚገናኙበት ነው። በአፋን ኦሮሞ «ቢሻን ወራቡ» ውሃ መቅዳት ሲሆን «ሰገሌ ወራቡ» ደግሞ ድምፅ መቅዳት ነው። የደብዳቤ ግልባጭም «ገረገልቻ» ይባላል፤ ይህም «ገረገልቹ» ማለትም መገልበጥ ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ከሁለት የተለያየ ሥር ተነሥተው በአንድ ዐይነት ሥዕል መገናኘታቸው ለስያሜ ሠሪ ትልቅ ሀብት ነው። አፋን ኦሮሞ ግን ካሜራው የሚያነሣውንም ኮምፒዩተሩ የሚያስቀረውንም በአንዱ «ወራቡ» ሊሸፍን ይችላል። አማርኛ ለዚሁ ሁለት ግሥ ይዞ ሳለ አንዱን ሥራ ፈት ማድረግ ምን ይባላል?

የመሣሪያውም አሠራር ከሕዝቡ አነጋገር ጋር ይስማማል። የቀድሞው ምልክት 625 መሥመርና በሰከንድ 25 ምስል የነበረው ሲሆን የኮምፒዩተሩ ካርድ ሞገዱን እየለካ ወደ አኃዝ ይለውጠዋል። 720 በ576 ነጥብ ያለው ምስል ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሰዓት 75 ጊጋባይት ያህል ስለሚፈጅ እዚያው ቤት ውስጥ ይጨመቃል። «ቅረጽ» ለሚሉት ወገኖች ጥሩው መከራከሪያ ይህ ነው፤ ፋይሉ ቅርጽ ያገኘው በተመልካቹ ቤት ነውና። በአኃዛዊው የሳተላይት ሥርጭት ግን ምስሉ ተጨምቆ የሚመጣው ከማሠራጫው ነው። በሰከንድ 4 ሚሊዮን ቢት የሚፈስስ ጣቢያ ቢሆን ኮምፒዩተሩ በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ያስቀምጣል፤ ከጎረቤት ሪሲቨር የሚደርሰው ጅረትም ያው ነው። ከጅረት በዕቃ መውሰድ መቅዳት ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ስለ ቀድሞውም ካርድ ቢሆን፣ ውሃ የእንስራውን ቅርጽ ስለያዘ እንስራው ፈጠረው አይባልም። ስለዚህ በካሜራ ለሚሠራው «ቀረጸ»፣ ከሥርጭት ለሚወሰደው «ቀዳ»፣ ከፋይል ወደ ፋይል ለሚሻገረው «ገለበጠ» ቢያዙ ተርጓሚው አይሳሳትም።

በከተማ ሱቆች ግን አራተኛ ግሥ ነግሧል፤ ፊልምም ሙዚቃም በፍላሽ «ይጫናል»፣ ከኢንተርኔትም «ይወርዳል»። ቡና በጆንያ ሲጫንና ሲራገፍ ለሚያይ አገር ሥዕሉ ባዳ አይደለም። ጣጣው የሚመጣው ከኮምፒዩተሩ ፊት ሲቀመጡ ነው። ሶፍትዌርም «ይጫናል»፤ ቁልፍም «ይጫኑታል»፤ ስለዚህ «ፕሮግራሙን ለመጫን ይህን ይጫኑ» የሚል ዐረፍተ ነገር ይወለዳል። በዚያ ላይ «ፕሮግራም» ራሱ በቴሌቪዥን የሚቀርበው ዝግጅትም ነው፣ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራውም ነው። «መስኮት»ም እንዲሁ። የቴሌቪዥን መስኮት ስንል በኖርንበት አፍ የኮምፒዩተሩንም መስኮት ሰይመናልና ቴሌቪዥኑ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሲታይ መስኮት በመስኮት ውስጥ ይሆናል። ሁለቱ መሣሪያዎች በየቤታቸው ሳሉ ቃላቱ አይጋጩም ነበር፤ አንድ ላይ ሲመጡ ተጋጩ። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም። ለሚታየው «ዝግጅት» ወይም በሥርጭት ቤቱ የቈየው «መሰናዶ» አለ፤ «ፕሮግራም» ለኮምፒዩተሩ ይተው።

የቃላት ጠብ ነው ተብሎ እንዳይናቅ ወደ ሕጉ እንመለስ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ገና በስሙ «ቀዳ»ን የሕግ ቃል አድርጎታል። አዋጁ ታትሞ የወጣን ሥራ አንድ ሰው ለግል ጉዳዩ በአንድ ቅጂ ቢያባዛ፣ ከተወሰኑ ገደቦች ጋር፣ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይደነግጋል። እንግዲህ በማስታወቂያ ላይ «መቅዳት ክልክል ነው» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ማንን እየከለከለ ነው? ዜናውን ለማታ የሚያስቀረውን አባወራ ነው ወይስ አንዱን ፊልም ለመቶ ደንበኛ የሚጭነውን ባለሱቅ? ለኋለኛው «ማባዛት» የሚል ቃል አለን። ለተማሪው ነውርም «ኮረጀ» አለን፤ ስለዚህ «ቀዳ» በራሱ ወንጀል ያዘለ ቃል አይደለም፤ እንዲያዝልም ማድረግ አይገባም።

በአሜሪካ ይኸው ጥያቄ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1984 እ.ኤ.አ. በ5 ድምፅ ለ4 ሲወሰን፣ የሶኒ ኩባንያ ቤታማክስ በተባለው መሣሪያ ዝግጅትን ይዞ ሌላ ጊዜ ማየት እንደ ጥፋት አልተቈጠረም። ለዚህ አድራጎት «ጊዜ ማዛወር» የሚል ትርጉም ይሰነዘራል፤ ቃል በቃል የተቀዳ (ይቅርታ፣ የተገለበጠ) መሆኑ ያስታውቃል። በአማርኛ ቀጠሮ ይዛወራል እንጂ ጊዜ አይዛወርም። «ማሳደር» ይሻላል የሚል ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ያደረ ምግብ እንደሚጠራጠሩት ሁሉ ያደረ ዜናም ዋጋው ይወርዳል። «አቆይቶ ማየት» በቂ ነው፤ ተግባሩን ይገልጻል፣ በእርባታም አያስቸግርም።

አስቸጋሪው «ቀጥታ ሥርጭት» ነው። ኮምፒዩተሩ እየቀዳ ስለሚያሳይ ተመልካቹ ጨዋታውን አቁሞ ቡና ጠጥቶ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በማዕዘኑ ላይ «ቀጥታ» የሚለው ጽሑፍ አሁንም አለ፤ እርሱ ግን ከጨዋታው ሃያ ደቂቃ ወደ ኋላ ነው። ጎረቤት «ጎል!» ብሎ ሲጮኽ በእርሱ መስኮት ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ ነች። ቃሉ የአሠራጩን ተግባር እንጂ የተመልካቹን ሁኔታ አይገልጽምና መዝገበ ቃላቱ «ቀጥታ»ን ከማሠራጫው ጋር ብቻ አያይዞ ሊፈታው፣ ለተመልካቹም «ዘግይቶ መከታተል» የሚለውን በአጠገቡ ሊያስገባ ይገባል።