ገል ማጠብ

የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ ላይ ሁሉም ተማሪ ጎበዝ ነው። ማን ለዚህ ሙያ እንደተፈጠረ የሚለየው ቤተ ሙከራ ገብቶ ገል ማጠብ ሲጀምር ነው፤ እዚያ ላብ የለ፣ ፎቶ የሚያነሳ የለ።

ካፋ ላይ ደግሞ ሥራው ይብሳል። ዝናቡ ብዙ፣ አፈሩ አሲዳም ስለሆነ ሜዳ ላይ የተቀበረ አጥንት ሟምቶ ይጠፋል። ስቲቨን ብራንትና ኤሊዛቤት ሂልደብራንድ የተሳተፉበት የካፋ አርኪዮሎጂ ፕሮጀክት ኩማሊና ኮካን የመሰሉ የዋሻ መጠለያዎችን መቆፈሩ የሚገባኝ ለዚህ ነው። ዝናብ ያልነካው አፈር የእንስሳት አጥንት አቆይቷል፤ ኩማሊ ላይ የቡና ፍሬ ሳይቀር ተገኝቷል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ታትሟል።

እንዲህ ያለ ፍሬ በአካፋ አይገኝም። አፈሩን ባልዲ ውኃ ውስጥ በትነን በቀስታ ስናማስለው ከሰሉና የከሰለው ዘር ይንሳፈፋል፤ በስስ ጨርቅ አጥልለን ጥላ ሥር እናደርቀዋለን፤ ፀሐይ ላይ ካሰጡት ይሰነጠቃል። ከዚያ ወረንጦና አጉሊ መነጽር ይዞ መልቀም ነው። የሣር ሥር፣ የምስጥ ኩስ፣ ትናንት የገባ ዘር፣ ሁሉም ከሰሉ ጋር ተደባልቆ ይመጣል።

ገሉን በተመለከተ ተማሪዎቼን የምቆጣቸው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሁሉንም አጥበው ሲጨርሱ፤ በውስጡ የምግብ ቅሪት የያዘ ገል ብሩሽ ሳይነካው መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው መለያ ወረቀቱን ሲረሱ። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው ንጣፍ እንደወጣ ያልተጻፈበት ገል ጋን መደገፊያም አይሆንም።

ገል በማጠቡ የሚያግዙን የአካባቢው በጎ ፈቃደኞች የሚያውቁት ሌላ ነው። ተማሪው «ጥቁር ገል» ብሎ የጻፈውን ዕድሜዋን በሸክላ ያበሰለች እናት አገላብጣ ታየዋለች፦ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የድስት ቂጥ ነው፤ ጥላሸቱ በጎን መውጣቱን አታይም?» ብዙውን ጊዜ ትክክል ነች። ቃሏን ግን በአስተያየት ዓምድ እንጂ በውሳኔ ዓምድ አላስገባውም፤ የዛሬው ማድቤት የጥንቱን በሙሉ አይመሰክርማ። እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ጋር አንስማማም።

ለዚህ ሁሉ ባልዲ፣ ጨርቅ፣ ወረንጦ፣ ሰፊ ጠረጴዛና በር የሚቆለፍ ክፍል ይበቃል። የካፋዋ ቦንጋ ከተማ ዩኒቨርሲቲም ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም አላት። ከሁለቱ አንዱ አንዲት ክፍል ቢሰጥ፣ የተማሪዎቹ ሥልጠና እዚያው ካፋ ላይ ሊካሄድ ይችላል።