አላፊ ነው፤ ሐሰት ግን አይደለም

የቦሌ መድኃኔዓለምን ጉልላት ያየ ሰው አጠገቡ ያለውን የኤድና ሞልን ሕንፃ ሳያይ አያልፍም። ወር በገባ በ27 ነጠላ የለበሰው ሕዝብ ከቅጥሩ ሲወጣ መስታወት የለበሱት ሕንፃዎች ይቀበሉታል። በዚህ በኩል ቅዳሴ፣ በዚያ በኩል ሱቅና ካፌ። ቦታው ለሰባኪም ለአምደኛም ይመቻል። «ያኛው ምትሐት፣ ይኼኛው እውነት» ብሎ ለመገላገል አንድ ደቂቃ አይፈጅም። እኔም ለብዙ ዓመታት እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ። ዛሬ የምተቸው ይህንኑ አባባሌን ነው። ምክንያት አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገርጂ በምኖርበት ግቢ ጥበቃ የሚሠራ ሰው አለ። የዐሥር ዓመት ልጁ የሚጥል በሽታ አለባት፤ ክኒን ከጀመረች ወዲህ ግን መውደቁ ቀርቶላት ነበር። አንድ ቀን ማለዳ በሩን ከፍቶልኝ ጠጋ አለና፣ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በሽታ ምትሐት ነው፣ ሰው ሲያምንበት ነው የሚኖረው የሚሉ አሉ። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ እውነት ነው?» አለኝ። ቸኩዬ ነበር። ደግሞም ቁም ነገር የተናገርኩ መስሎኝ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ዓለም ራሱ ምትሐት አይደል እንዴ!» ብዬው መኪናዬን አስነስቼ ሄድኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጅቱ ምድጃ አጠገብ ወደቀች። ቀኝ እጇ ተቃጠለ። ለካ አባቷ ክኒኑን አስቁሟት ኖሯል። ሐኪም ቤት ልጠይቃት ስሄድ አልወቀሰኝም። «እርስዎም እንደነሱ ሲሉ ጊዜ እርግጥ መስሎኝ ነው ጋሼ» ብቻ አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ምትሐት» የምትለዋን ቃል በዋዛ አላነሳትም። እስቲ አብረን እንያት። ምትሐት ማለት ያልሆነው ሆኖ፣ የሌለው ያለ መስሎ ሲታይ ነው። ተቃራኒውን እውን እንለዋለን። አንድ ሰው ጉድ ሲያወራልን «በሕልምህ ነው በእውንህ?» ብለን የምንጠይቀው ለዚህ ነው። እዚህ ድረስ ችግር የለም። ችግሩ የሚመጣው «አላፊ» የሚለውን ቃል ከ«ሐሰት» ጋር ስናምታታው ነው።

«ዓለም ከንቱ ነው» የምንል ሁሉ ምስክር አድርገን የምንጠራው መጽሐፈ መክብብን ነው። በዕብራይስጡ ከንቱ ተብሎ የተተረጎመው ቃል «ሄቬል» ሲሆን መነሻ ፍቺው እስትንፋስ፣ ተን ማለት ነው። በብርድ ጠዋት ከአፋችን የሚወጣውን ጉም አስቡት። ቶሎ ይበተናል፤ አይጨበጥም። የለም ግን አይባልም፤ እሱ የሌለው ሰው ሬሳ ነዋ! መጽሐፉ ራሱ የድካምን ፍሬ በደስታ መቅመስን ከአምላክ እንደተሰጠ በረከት ይቆጥረዋል። እንጀራ ሲሰነብት ይሻግታል፤ ዛሬ የራበውን ሰው ግን የሚያጠግበው በእውነት ነው።

«ህንዶቹስ? ማያ የሚሉትስ?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ ከኖረው ከሻንካራ ትምህርት ጋር የሚነሳ የታወቀ ምሳሌ አለ። በጨለማ ገመድ የረገጠ ሰው እባብ መስሎት ይደነግጣል። መብራት ሲመጣ እባቡ ይጠፋል፤ ገመዱ ግን እዚያው ነው። ሻንካራ ከዚህ ተነስቶ ብዙ ርቆ ይሄዳል፤ እኔ እስከዚያ አልከተለውም። የምወስደው ይህችን ነው፦ ምትሐት ማለት ምንም የለም ማለት ሳይሆን አንዱን ነገር በሌላ ማሳሳት ነው። የሚያስፈልገውም መብራት ነው እንጂ ዓይንን መጨፈን አይደለም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በወንጌሉ ደቀ መዛሙርት ጌታቸው በባሕር ላይ ሲራመድ አይተው የፈሩት ምትሐት መስሏቸው ነው። ከትንሣኤው በኋላም እንዲሁ ሲደነግጡ ምን አደረገ? ፍልስፍና አላስተማራቸውም። ዳስሱኝ አላቸው፤ የተጠበሰ ዓሣ ተቀብሎም ፊታቸው በላ። ቶማስም የጠየቀው ቁስሉን ለመንካት ነበር፤ በዳግም ትንሣኤ የምናስበው ይህንኑ ነው። እንግዲህ በእኛው መጽሐፍ የእውነት መለኪያው የሚዳሰስ፣ የሚበላ፣ የቆሰለ ሥጋ ሆኖ እናገኘዋለን። ቤተ ክርስቲያንም አምላክ ሰው የሆነው በምትሐት ሳይሆን በእውነት ነው ብላ የተሟገተችው ለዚህ ነው።

የአንጾኪያው አግናጥዮስ በ2ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለአውሬ ሊሰጥ በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ ለሰምርኔስ ምእመናን ደብዳቤ ጽፎ ነበር። የክርስቶስ መከራ የይስሙላ ነው የሚሉትን ሰዎች፣ እንዲህ ከሆነ የእኔስ ሰንሰለት የይስሙላ ነው ማለት ነው ብሎ ይሞግታቸዋል። ከዚያ ስለነዚሁ ሰዎች የሚጨምረው ነገር ነው ልቤን የነካው፦ ለመበለት፣ ለሙት ልጅ፣ ለታሰረ፣ ለተራበ ደንታ የላቸውም ይላል። የአንዱን ሥጋ መከራ ምትሐት ያለ ሰው የጎረቤቱንም መከራ ምትሐት ማለቱ አይቀርም።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። በአገራችን የኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ጠበል የሚጠመቅ ሰው ክኒን መዋጥ የለበትም እየተባለ መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፣ አይጣሉም ብለው በይፋ አስተማሩ። ይህን ከአንድ ፓትርያርክ መስማት ለስንቱ ነፍስ እንደሆነ አስቡት። ለአንድ የጥበቃ ሠራተኛ ልጅም ይህንኑ ለመናገር ጵጵስና አያስፈልግም ነበር። ሁለት ደቂቃ መቆም ይበቃ ነበር።

ደግሞ ታዝባችሁ ከሆነ፣ ምትሐት የምንለውን ስንመርጥ የምንመርጠው ሁልጊዜ የሌላውን ሰው ሕመም ነው። ኪራይ የተጨመረባት ጎረቤታችን ስታለቅስ «ተዪው እቴ፣ ዓለም አላፊ ነው» እንላታለን። የራሳችን የቤት ካርታ ላይ ጥያቄ ሲነሳ ግን ጠበቃ እንቀጥራለን። ባንክ ሄዶ «ሒሳቤ ምትሐት ነው» ያለ የቦሌ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። በብድር የተደገሰው ሠርግ፣ ለአንድ ቀን የተከራየነው ባለ ረጅሙ መኪና፣ ይኼ እውነት ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! የበሩ ሥር ለማኝ የዘረጋው እጅ ግን «የዚህ ዓለም ነገር» ይሆንብናል። መብራቱን የያዝነው ገልብጠን ነው ማለት ነው።

መስታወቱን ሕንፃ መርገም ቀላል ነው፤ አይመልስልንም። ምትሐቱ ያለው መስታወቱ ውስጥ ብቻ ቢሆን ኖሮ መንገዱን ተሻግረን በዳንን። እኔ ግን ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን እንደለበስኩ፣ ያንን ክፉ ቃል ይዤ ገርጂ ገብቻለሁ።

ልጅቱ ክኒኗን ቀጥላለች። ድና ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ ጠባሳው ግን አለ። አንዳንድ ሰው በሽታው የሚተላለፍ መስሎት ሊጨብጣት ይፈራል። የሚጥል በሽታ በንክኪ አይተላለፍም፤ ይኼኛው ነው እንግዲህ እውነተኛው ምትሐት። ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስታገኘኝ ቀኝ እጇን ትዘረጋልኛለች። ስጨብጣት የጠባሳው ሻካራ መዳፌ ላይ ይሰማኛል።

«ክኒንሽን ዋጥሽ?» እላታለሁ።

«ውጫለሁ ጋሼ» ትለኛለች።

ከዚህ ሌላ ስብከት የለኝም።