ሐውልቱን እየጠበቁ ከተማውን መቆፈር፦ አክሱምና ግንባታ

አክሱም ሲነሣ ሐሳባችን ቀድሞ የሚያርፈው በሐውልቶቹ ላይ ነው። በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው ግን የጥንታዊቱ ከተማ ፍርስራሽ ነው (ኋላ ከምጠቅሰው አዋጅ ዓመት በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የከተማዋ አብዛኛው ክፍል ዛሬም ሰው በሚኖርበትና ቤት በሚሠራበት መሬት ሥር ተቀብሯል። በአክሱም ላይ የደረሰው የግንባታ ጉዳት፣ በእኔ እምነት፣ በዋናነት የመጣው ቅርሱን ቆሞ በሚታየው ድንጋይ ልክ ከመስፈራችን ነው።

ለዚህ ከታዕካ ማርያም የበለጠ ምስክር አላገኘሁም። በ1906 በኤኖ ሊትማን የተመራው የጀርመን ቡድን አክሱም ሲደርስ፣ አርክቴክቱ ዳንኤል ክሬንከር የታላላቅ ሕንፃዎችን መሠረት ለክቶ ንድፋቸውን አነሣ። ከእነዚህ ሰፊው ታዕካ ማርያም ነበር፤ በግምት 120 ሜትር በ80 ሜትር የሚሆን፣ መካከለኛውን ሕንፃ አደባባዮችና ተከታታይ ክፍሎች የከበቡት ቤተ መንግሥት። ንድፉ በ1913 ታተመ። ከዚያ በጣሊያን ወረራ ዘመን መንገድ ፍርስራሹን አቋርጦ ተሠራ። ዛሬ ስለ ሕንፃው የምናውቀው በአመዛኙ ክሬንከር በወረቀት ካስቀረው ነው። ያው ወራሪ 24 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ሐውልት በ1937 ወደ ሮም ወሰደ። ስለ ሐውልቱ ለአሥርት ዓመታት ተሟግተን በ2005 አስመለስነው፤ በ2008 በቦታው ቆመ። ስለ ታዕካ ማርያም ግን የጠየቀ ብዙ ሰው አልሰማሁም። መጠየቅም ቢኖር የሚመለስ ነገር አልቀረም።

የጠፋው ድንጋይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ይቀል ነበር፤ የአክሱም ሰው የጥንቱን ጥርብ ድንጋይ ለቤቱ ግድግዳ ሲጠቀምበት ኖሯልና። የከፋው የአፈሩ ንብርብር መጥፋቱ ነው። አንድ የአክሱም የነሐስ ሳንቲም እንውሰድ፤ የአውራ ጣት ጥፍር ቢያክል ነው፣ ከመሬት ሲወጣም አረንጓዴ ዝገት የለበሰ ነው። በላዩ ጨረቃና ክብ ምልክት ካለበት ከክርስትና በፊት፣ መስቀል ካለበት ደግሞ ከንጉሥ ዒዛና መጠመቅ በኋላ የተመታ መሆኑን ያሳያል። ሳንቲሙ በአንድ ቤት የወለል አፈር ውስጥ፣ ከሸክላ ስባሪና ከምድጃ አመድ ጋር ሲገኝ የወለሉን ዘመን፣ ከወለሉ በላይና በታች ያሉትንም ቅደም ተከተል ይነግረናል። እስካቫተር ዝቆት በገልባጭ መኪና ከተደፋ አፈር ላይ ሲለቀም ግን ያው ሳንቲም ስለዚያ ቤት የሚነግረን የለም። ለብሎኬት ቤት መሠረት የሚቆፈር ጉድጓድ በግማሽ ቀን የብዙ መቶ ዓመታትን ቅደም ተከተል ሊያፋልስ ይችላል፤ ይህን ያህል ጥፋት ሲደርስ ደግሞ በአካባቢው ማንም ልብ ላይለው ይችላል።

የራሳችን ዘመን ሥራም ከዚህ አልዳነም። ሐውልቱን መልሶ ለማቆም በተደረገው የከርሰ ምድር ጥናት፣ በ1963 ከተሠራ የመኪና ማቆሚያ ሥር ሰፋፊ የመቃብር ክፍሎች እንዳሉ ታወቀ። አርባ ዓመት ያህል መኪና ይቆም የነበረው በነገሥታቱ መካነ መቃብር ላይ ነበር ማለት ነው። ጥናቱ ሊካሄድ የቻለውም ሐውልቱ ስለተመለሰ ነው። የመመለሱ ሥራ ራሱ በቁጥር ሦስተኛው ተብሎ የሚታወቀውን ጎረቤቱን ሐውልት ስላሰጋ፣ እርሱ በብረት ገመድ ተደግፎ ለዓመታት ቆይቷል።

የጡብ ቅስቶች መቃብር የሚባለው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ያስነሣል። በ1974 በኔቪል ቺቲክ ቡድን የተገኘው ይህ መቃብር በተተኮሰ ጡብ የተሠሩ የፈረስ ኮቴ ቅርጽ ያላቸው ቅስቶች አሉት፤ በውስጡም የተቀረጸ የዝሆን ጥርስ ተገኝቷል። ይህን መቃብር ውሃ እየሞላው መሆኑ የዓለም ቅርስ ኮሚቴን ሲያሳስብ ቆይቷል፤ ኮሚቴው በጽዮን ማርያም ቅጥር ውስጥ የተጀመረው የቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ግንባታ እንዲቆም መጠየቁም ይታወቃል። ሙዚየም ቅርስን ለመጠበቅ የታሰበ በጎ ሥራ ነው። ይሁንና በሲሚንቶና በአስፋልት በተሸፈነ ቁጥር መሬቱ የዝናቡን ውሃ አይመጥም፤ ውሃውም ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይሄዳል። በአክሱም ዝቅተኛው ቦታ ብዙ ጊዜ መቃብር ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግንባታ ወቅት ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና ጠብቆ እንዲያቆይ ያዛል፤ የተከለለ ቦታ ላይ ያለ ፈቃድ መሬት መቆፈርንም ይከለክላል። ድክመቱ የማሳወቁን ሸክም በቆፋሪው ላይ መጣሉ ነው። ዕቁቡን አጠራቅሞ ቤት ሊሠራ መሠረት ያወጣ ነዋሪ ጥርብ ድንጋይ ሲያይ ከፊቱ የሚደቀነው ሥራው መቆሙ፣ የቀን ሠራተኛው መበተኑ፣ ምናልባትም ቦታው መወሰዱ ነው። ዝም ቢል እኔ ልፈርድበት አልችልም፤ ሐቀኛ መሆን ኪሳራ የሚሆንበትን ሥርዓት ያበጀው እርሱ አይደለምና።

ፈረንሣይ በ2001 ባወጣችው ሕግ ሥርዓቱን ገልብጣለች፤ አርኪዮሎጂስቱ ከግንበኛው ቀድሞ ይገባል፣ ወጪውም ከአልሚዎች በሚሰበሰብ ክፍያ ይሸፈናል። እኛ ክፍያውን በድሃ ነዋሪ ላይ መጫን የለብንም፤ ከመንገድ፣ ከሆቴልና ከመንግሥት ሕንፃ ፕሮጀክቶች በጀት መነሣት ይችላል። ከዚያ በፊት ግን የከርሰ ምድሩ ዝርዝር ካርታ ሊኖር ይገባል። የክሬንከር ልኬት፣ የቺቲክና በ1990ዎቹ የዴቪድ ፊሊፕሰን ቁፋሮ፣ የ2005ቱ የከርሰ ምድር ጥናት ውጤት በአንድ ካርታ ተዋህደው፣ ካርታው በማዘጋጃ ቤት የግንባታ ፈቃድ በሚፈርመው ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ መቀመጥ አለበት። ባለሙያው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ቦታውን በካርታው ላይ ይፈልግ፤ ምልክት ካገኘበትም አርኪዮሎጂስት አይቶት እስኪመለስ ድረስ ፈቃዱን ያቆየው።