«አጭር» እና «ረጅም»፦ ስለ ሙሉ ቁጥር ዓይነቶች አሰያየም

የሙያ ስያሜ የሚመዘነው በአጭርነቱ ወይም ለጆሮ በመጣሙ ሳይሆን፣ የሚወክለውን ፅንሰ ሐሳብ ከጎረቤቱ ለይቶ በማሳየቱ ነው። በዚህ ሚዛን ሲታዩ፣ የኮምፒዩተር ሥርዓቶች የሚጻፉበት ሲ የተባለው ቋንቋ ለሙሉ ቁጥር ዓይነቶች የሰጣቸው ስሞች ጉድለት አለባቸው። ስሞቹ ወደ አማርኛ ሲመለሱ ጉድለቱም አብሮ እንዳይመለስ መጠንቀቅ ይገባል እንላለን።

ዴኒስ ሪቺ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪ ሲን ሲያዘጋጅ፣ «ኢንት» የተባለው ተራ ሙሉ ቁጥር ፒዲፒ-11 በተባለው ኮምፒዩተር ላይ 16 ቢት፣ ማለትም 16 የ0 ወይም የ1 ቦታ ይይዝ ነበር። በግራና በቀኙም «ሾርት» እና «ሎንግ»፣ አጭርና ረጅም፣ ተሰለፉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የቋንቋው ደረጃ የወሰነው ዝቅተኛውን ልክ ብቻ ነው፤ ይኸውም ኢንት ከ16፣ ሎንግ ከ32 ቢት እንዳያንስ ነው። ከዚህ የተነሣ ሎንግ በባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 32 ቢት፣ በባለ 64 ቢት ሊኑክስ ግን 64 ቢት ነው። 3,000,000,000 የሚለው ቁጥር በሁለተኛው ይገባል፤ በመጀመሪያው አይገባም።

ነገሩ በክንድ እንደ መለካት ነው። ገዥና ሻጭ በአንድ ገበያ ሳሉ ክንድ ይበቃል፤ ሸማው አገር ሲያቋርጥ ግን «የማን ክንድ?» የሚል ጥያቄ ይነሣል።

እ.ኤ.አ. የ1999ኙ ደረጃ ይህን በከፊል አርሟል። «ልክ 32 ቢት»፣ «ቢያንስ 32 ቢት» እና «ቢያንስ 32 ቢት ሆኖ ለስሌት ፈጣን» የሚሉትን ሦስት ፅንሰ ሐሳቦች በሦስት ስሞች ለይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የመጀመሪያው ቋሚ እትሙ የወጣው ረስት የተባለው ቋንቋም «አይ-32»፣ «ዩ-32» እያለ ልኩን ከስሙ ጋር አስሯል። በኮምፒዩተሩ ዓይነት የሚለዋወጠውን ደግሞ «ዩሳይዝ» ብሎ ለብቻው ሰይሞታል። ይህን አከፋፈል እንደግፋለን፤ ልክ ያለው በልኩ፣ የሚለዋወጠውም በመለዋወጡ ይጠራልና።

እንግዲህ ተርጓሚው «አጭር ሙሉ ቁጥር» ቢል፣ አንባቢው አኃዙ ጥቂት የሆነ ቁጥር ይመስለዋል። «ባለ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር» ማለት ይሻላል። ልኩ ካልታወቀ ሎንግን እንደ ተጸውዖ ስም በድምፁ መጻፍ፣ ያልተባለን ልክ ከመፍጠር ይመረጣል። «ምልክት የለሽ» የሚለውም ስለ አጻጻፉ እንጂ ስለ ዋጋው አይናገርም፤ «ከዜሮ የማያንስ» ግን ፍቺውን ይገልጻል።

ከሁሉ የሚከፋው «ቻር»ን «ፊደል» ብሎ መመለስ ነው። በሲ ቻር አንድ ባይት የሚይዝ ትንሽ ሙሉ ቁጥር ነው፤ ከዜሮ በታች መውረድ አለመውረዱ እንኳ ለአዘጋጁ የተተወ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 የገባው ፊደላችን ግን በዩቲኤፍ-8 ሲጻፍ እያንዳንዱ ሆሄ 3 ባይት ይፈጃል። «ሰላም» በገጽ ላይ 3 ሆሄ፣ በሲ ግን 9 ቻር ነው። ትርጉሙን አምኖ ቃሉን ከአራተኛው «ፊደል» ላይ የሚቆርጥ ሰው ሁለተኛውን ሆሄ ከመካከሉ ይሰብረዋል። ስለዚህ «ባይት» የሚለው የውሰት ቃል፣ አገርኛ ከሆነውና ከሚያሳስተው «ፊደል» ይልቅ ለአማርኛ ይታመናል።