አንደኛ የወጣችው ከተማ

«አሜሪካ ውስጥ ለኑሮ የሚሻለው የትኛው ከተማ ነው?» የሚለው ክርክር ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ወደዚያ ለመሄድ የተሰናዳ ወጣት ገና ሻንጣ ሳይገዛ ዘመድ ወዳጁ ይሟገትለታል። አንዱ «ዋሽንግተን ግባ፤ እንጀራውም ሰዉም እዚያ ነው» ይላል። ሌላው የቤት ኪራዩን አስልቶ ወደ ዳላስ ይልከዋል። ሲያትል ያለች አክስት ካለችው ደግሞ «ዝናቡን አትፍራ» እያለች በስልክ ትለማመጠዋለች። አሜሪካኖቹ ይህንኑ የቡና ላይ ክርክር አንስተው፣ አኃዝ አልብሰው፣ መጽሐፍ አደረጉት።

መጽሐፉ «ፕሌስስ ሬትድ አልማናክ» ይባላል፤ «ደረጃ የወጣላቸው ሥፍራዎች መዝገብ» ብንለው ያስኬዳል። ሪቻርድ ቦየርና ዴቪድ ሳቫዦ አዘጋጅተውት፣ በካርታ ሥራው የታወቀው ራንድ ማክናሊ በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ አሳተመው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ያን ጊዜ አንደኛ የወጣችው አትላንታ ነበረች። በ1985ቱ እትም ፒትስበርግ፣ በ1989 ሲያትል፣ በ1993 ሲንሲናቲ ቦታውን ተረከቡ። ከተማ እንደ ሸሚዝ በየአራት ዓመቱ የሚለወጥ ነገር አይደለምና ነገሩ ገና ከሩቁ ያጠራጥራል። አትላንታን እንኳ ብንወስድ፣ ከ1979 እስከ 1981 ድረስ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ጥቁር ልጆችና ወጣቶች የተገደሉባት፣ ጄምስ ባልድዊን በኋላ መጽሐፍ የጻፈባት ከተማ ናት። ያን ሰሞን ልጇን ከደጅ እንዳትልክ የፈራች እናት «ምርጧ ከተማ» ላይ እንደምትኖር ማን በነገራት!

አሠራሩን እንይ። የ1985ቱ እትም 329 ከተሞችን ከነአካባቢያቸው በዘጠኝ ዘርፎች ይመዝናል፤ አየር ንብረት፣ የቤት ዋጋ፣ ጤና፣ ወንጀል፣ መጓጓዣ፣ ትምህርት፣ ኪነ ጥበብ፣ መዝናኛና ኢኮኖሚ። በየዘርፉ ያገኙት ደረጃ ይደመርና ድምሩ ያነሰው ከተማ አንደኛ ይሆናል። ስለዚህ በአንድም ዘርፍ ቀዳሚ ያልሆነች፣ ነገር ግን በየትኛውም ክፉኛ ያልወደቀች ከተማ ከሁሉ በላይ ልትቀመጥ ትችላለች። በዚህ ሚዛን ላይ ኦፔራውም ሥራውም እኩል ይከብዳሉ። ሥራ ላጣ ሰው ይህ ቀልድ ነው።

ቀልድ መሆኑን በሒሳብ ያሳዩም አሉ። በ1987 አራት የስታቲስቲክስ ባለሙያዎች የመጽሐፉን አኃዞች ወስደው ለየዘርፉ የሚሰጠውን ክብደት እየቀያየሩ ሞከሩት። ከ329ኙ ውስጥ 134ቱ አንደኛ፣ 150ዎቹ ደግሞ መጨረሻ ሊወጡ እንደሚችሉ አገኙ። ከሁሉ የሚገርመው 59ኙ ነው። እነዚህ እንደ መዛኙ ፍላጎት አንደኛም መጨረሻም መሆን የሚችሉ ናቸው! የጨው ዋጋ ሳይለወጥ ሚዛኑ ብቻ ሲለወጥ ማለት ነው። መጨረሻ ላይ የተጻፈችው የካሊፎርኒያዋ ዩባ ሲቲ ነዋሪዎች ይህን ጥናት አልጠበቁም፤ የአሳታሚውን ሥራ ሰብስበው አቃጠሉት። መጽሐፍ ማቃጠል አይደገፍም እንጂ ንዴቱስ ይገባኛል።

ለዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳዬ ግን ፒትስበርግ ናት። ፒትስበርግ የብረት ከተማ ነበረች። አንደኛ በወጣችበት ወቅት ፋብሪካዎቹ በየተራ እየተዘጉ፣ ሠራተኛው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ደቡብ እየፈለሰ ነበር። በዓመቱ፣ በ1986፣ ከከተማዋ በወንዝ ማዶ ያለውና ከመቶ ዓመት በላይ ብረት ሲያቀልጥ የኖረው የሆምስቴድ ፋብሪካ ጨርሶ ተዘጋ። ለቆ የሚሄደው ሰው ቤቱን በርካሽ ሲሸጥ «የቤት ዋጋ» በሚለው ዘርፍ ከተማዋን ይጠቅማታል። የአንዱ ውድቀት ለሌላው ነጥብ የሚሆንበት መዝገብ ነው።

ፒትስበርግን ማወቅ የሚሻ ሰው ከዚህ መዝገብ ይልቅ የኦገስት ዊልሰንን «ጂትኒ» ቢያነብ እመክራለሁ። ዊልሰን በ1945 «ሂል» በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ተወልዶ፣ ከአሥሩ ታላላቅ ተውኔቶቹ ዘጠኙን እዚያው ሰፈር ላይ ያቆመ ጸሐፊ ነው። «ጂትኒ» በፒትስበርግ መድረክ ላይ የታየው በ1982፣ ከተማዋ አንደኛ ልትባል ሦስት ዓመት ሲቀራት ነው። ጂትኒ ያለ ፈቃድ የሚሠራ ታክሲ ነው፤ ባለ ፈቃዶቹ ወደ ሂል መሄድ ስለማይወዱ ሰፈሩ በራሱ ሰዎች መኪና ይንቀሳቀሳል። በመንግሥት ቁጥር የማይገባ መጓጓዣ ስለሆነ በየትኛው ዘርፍ ይመዘናል? ሾፌሮቹ ስልክ እስኪጮህ ዳማ ይጫወታሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ይጣላሉ። ዘመኑ 1977 ነው፤ ከተማው ቤቱን ሊያሽገው ቀን ቆርጧል።

ከሾፌሮቹ አንዱ ያንግብለድ ከቬትናም ጦርነት የተመለሰ ወጣት ነው። ገንዘብ እያጠራቀመ፣ ለልጁ እናት ለሪና ሳይነግር፣ የገዛ እህቷን አስከትሎ ቤት ሲፈልግ ይከርማል። ሪና ሌላ ነገር ትጠረጥራለች። በመጨረሻ «ቤት ገዛሁልሽ» ሲላት በደስታ ታለቅስ ይሆናል ብሎ የጠበቀ ተመልካች ይሳሳታል፤ ትቆጣዋለች። ቤት ማለት ለሴት ልጅ ሳትታይና ሳትጠየቅ በስጦታ የሚመጣ ዕቃ አይደለም ባይ ናት። በዘጠኝ ሰው ተውኔት ውስጥ እሷ ብቻ ሴት መሆኗ የዊልሰን ድክመት ነው እላለሁ፤ ያም ሆኖ የዚህን ሁሉ የከተማ ክርክር ቁልፍ የሰጠው ለእሷ ነው። ደረጃ አውጪዎቹ የሚያደርጉት ያንግብለድ ያደረገውን ነው። እሱ ግን ቢያንስ ይወዳታል።

ሂል ራሱ የዚሁ ታሪክ አለው። በ1950ዎቹ የሰፈሩ የታችኛው ክፍል በ«ከተማ ማደስ» ስም ፈርሶ ወደ 8,000 ሰው ተነቅሏል። በቦታው በ1961 የተከፈተው ግዙፍ አዳራሽ መጀመሪያ የታሰበው ለከተማው የሙዚቃ ቴአትር ቡድን ነበር። አዳራሽ ይቆጠራል፤ የተነቀለ ሰው አይቆጠርም። ይህ የጥንት ወሬ ነው እንዳይባል፣ ፒትስበርግ በ2007 የዚሁ መዝገብ አንደኛ ሆና ስትመለስ፣ በ2019 ደግሞ የከተማዋ የጾታ እኩልነት ኮሚሽን ያወጣው ጥናት ጥቁር ሴቶች ከብዙዎቹ ተመሳሳይ ከተሞች ይልቅ እዚህ የባሰ ኑሮ እንደሚገፉ አሳየ። ሁለቱም ወረቀቶች ስለ አንዲት ከተማ ነው የሚናገሩት።

ወደ እኛ ክርክር ስንመለስ፣ ዲናው መንግሥቱ በ2007 ባወጣው የመጀመሪያ ልቦለዱ ውስጥ በዋሽንግተን ሎጋን ሰርክል ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ አለ። ሰፈሩ «ይሻሻላል»፤ ቤቶች ይታደሳሉ፣ ዋጋቸው ይወጣል። የድሮዎቹ ጎረቤቶች ደግሞ ከቤታቸው መባረር ይጀምራሉ። «ዋሽንግተን ግባ» የሚለው ዘመድ የትኛው ዋሽንግተን፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንት ኪራይ ብሎ ቢጨምርበት ምክሩ የበለጠ በጠቀመ ነበር።

ለጎብኚ ነገሩ ይቀላል፤ ጎብኚ ኪራይ አይከፍልም፣ ልጅ ትምህርት ቤት አያስገባም፣ ከሳምንት በኋላም ይሄዳል። ፒትስበርግ የሚደርስ ካለ ዊልሰን ያደገበት የቤድፎርድ ጎዳና ቤት ታድሶ ከ2022 ጀምሮ የኪነ ጥበብ ማዕከል ሆኗል። ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ቁልቁል ሲወርድ የአዳራሹን ቦታ ያልፋል፤ አዳራሹም በ2012 ፈርሶ አልቋል።