ትራያምፍ ኤክስ-75 ሃሪኬን፦ ቀይ መስመርና ያልታረመ ሞተር

ሃሪኬን የተወጠነው በሌላ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 የእንግሊዙ ቢ.ኤስ.ኤ. የአሜሪካ ቅርንጫፍ ኃላፊ ከነበሩት አንዱ ዶን ብራውን፣ አዲሱ ባለ ሦስት ሲሊንደር “ሮኬት 3” የአሜሪካን ገዢ ዓይን እንደማይማርክ ገባው። አንዱን ሞተር ብስክሌት ለኢሊኖይሱ ወጣት ንድፍ አውጪ ለክሬግ ቬተር ሰጥቶ መልኩን እንዲለውጥ ጠየቀው። ቬተር ሥራውን ሲያሳይ ሣጥን መሳዩ ሰልባቲዮ የለም፤ በቦታው ከመሪው ሥር ተነሥቶ በሞተሩ አናት አልፎ እስከ መቀመጫው ጎን የሚፈስ ወጥ የፋይበርግላስ አካል አለ። ቢ.ኤስ.ኤ. በዕዳ ሲፈርስ ሥራው የእህት ኩባንያውን የትራያምፍን ስም ይዞ የ1973 ሞዴል ተብሎ ወጣ። ወደ 1,200 የሚጠጋ ቁጥር ተሠርቶ ምርቱ ቆመ።

የሥራው ትልቁ ስኬት የቅርጽ አንድነቱ ነው። በዘመኑ የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት እንደ ዝርው ዝርዝር ይነበብ ነበር፤ ሰልባቲዮ፣ ከዚያ የጎን ክዳን፣ ከዚያ መቀመጫ። ቬተር ነጠላ ሰረዞቹን አወጣቸው። በቀኝ በኩል ሦስት ማርሚታዎች እንደ ማራገቢያ ተዘርግተው ወደ ኋላ ይወጣሉ፤ በግራ በኩል አንድም የለም። ይህ የታሰበበት መዛነፍ የንድፉ ድፍረት ሁሉ የተከማቸበት ቦታ ነው፤ ተመልካቹ ዞሮ ሌላውን ጎን እንዲያይ ያስገድደዋል፤ ዞሮ የሚያገኘው ደግሞ ጸጥታ ነው። በቀዩ ቀለም ላይ የሚሮጠው ቢጫ መስመር ብርሃን ከሚመልስ ማጣበቂያ የተሠራ በመሆኑ በሌሊት የመኪና መብራት ሲያርፍበት ይነቃል። ጌጥና ጥንቃቄ በአንድ ምልክት የተገናኙበት እንዲህ ያለ ብልሃት በሞተር ብስክሌት ንድፍ ታሪክ ብዙ አይገኝም።

አንድ ነገር ግን ያስጠረጥራል። ቬተር የቴስታታውን ክንፎች አስረዝሟቸዋል፤ ሞተሩ ግዙፍ እንዲመስል። ማቀዝቀዣ የሆነው አካል እዚህ ላይ ማጋነኛ ሆኗል። ማጋነን ነውር አይደለም፤ ቅኔም ያጋንናል። ጥያቄው ከማጋነኑ ሥር ያለው ይዘት ይሸከመዋል ወይ ነው።

እዚህ ላይ ሥራው ይደክማል። በርት ሆፕውድና ዳግ ሂል የነደፉት 740 ሲሲ ሞተር ጉልበቱም ድምፁም የሚወደድ ነው፤ በዚህ ረገድ ክርክር የለኝም። ነገር ግን በዚያው በ1969 ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ሲቢ750 በሞተሪኖ ሲነሣና በፊት ዲስክ ፍሬን ሲቆም፣ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣው ሃሪኬን አሁንም በእግር ይረገጣል፤ ከፊትም ታምቡር ፍሬን አለው። የረዘመው የፊት ሹካ በፎቶግራፍ ላይ ግርማ ይሰጣል፤ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ግን መሪውን ያዘገየዋል። ሰልባቲዮው ትንሽ ስለሆነ ረጅም ጉዞ የነዳጅ ማደያ ፍለጋ ይሆናል። ለዚህ ሁሉ ቬተርን ብቻውን መውቀስ ፍትሕ አይደለም። እሱ የተጠየቀው ሽፋን ነበር፤ ውስጡን ማረም የበርሚንግሃሙ የቢ.ኤስ.ኤ. ፋብሪካ ድርሻ ነበር፣ በርሚንግሃም ደግሞ ያኔ ደመወዝ የሚከፍልበትን ገንዘብ እያሰላ ነበር።

የቁጥሩ ማነስም አብሮ መመዘን አለበት። ትራያምፍ በ1977 ለንግሥት ኤልሳቤጥ 25ኛ የንግሥና ዓመት ያወጣው የቦንቪል “ሲልቨር ጁቢሊ” ከመነሻው የተወሰነ እትም ተብሎ የታቀደ፣ ሰብሳቢን ያለመ ሥራ ነው። ሃሪኬንን ያሳነሰው ግን የኩባንያ ውድቀትና ሦስቱ ማርሚታዎች ሊያልፉት ያልቻሉት አዲሱ የአሜሪካ የድምፅ ደንብ ናቸው። ብርቅነቱ የንግድ ስሌት አይደለም፤ ለእኔ ይህ ክብሩን ይጨምርለታል።

የዛሬ ባለቤት እንግዲህ የአርታዒ ሥራ ነው የሚጠብቀው። መጀመሪያ የጽሑፉን እውነተኛነት ያረጋግጣል፦ በሞተሩና በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በ“ቲ.አር.ኤክስ.75” መጀመርና እርስ በርሱ መግጠም አለበት፤ የቅጂ ፋይበርግላስ ለብሶ ሃሪኬን ነኝ የሚል ሮኬት 3 ሊያጋጥመው ይችላልና። ከዚያ ከባዱ ምርጫ ይመጣል። የአማል ካርቡራቶሮቹ አካል ከለስላሳ ቅይጥ የተሠራ ስለሆነ ይበላል፤ ሦስቱን እኩል ማስተንፈስም ትዕግሥት ይፈታተናል። በጃፓን ሚኩኒ የሚተኩ አሉ። በሦስቱ ፕላቲና ምትክ በክዳኑ ሥር ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ የሚሰውሩም አሉ። የኋለኛውን እቀበላለሁ፤ አይታይም፣ ሲፈለግም ይወጣል። ካርቡራቶሮቹ ግን ከጎን ሲያዩት የመስመሩ አካል ስለሆኑ፣ የተበላውን አሳድሶ የራሱን መመለስ ይበልጣል።

ብዙዎቹ እድሳቶች የሚሳሳቱት ከልክ በላይ በማሳመር ነው። ቢጫውን መስመር በቀለም ቀብተው ላዩን በቫርኒሽ ያንጸባርቁታል፤ በቀን ከፋብሪካው ይበልጥ ያምራል፣ ማታ ግን ይሞታል። ቀለም ቀቢው አንድ አንቀጽ ሰርዟል፤ ያውም የትርኢት ዳኛ በማያይበት ሰዓት የሚነበበውን። ክሮሙ እንደ መስተዋት ሆኖ ማርሚታው አንድም ቀን ሙቀት አላየ የሚያስመስለውም ከዚሁ ወገን ነው፤ እንዲህ የተሠራው ሃሪኬን ለትርኢት እንጂ ለመንገድ እንዳልተሰናዳ ገና ከሩቅ ይታወቃል።

ፍሬኑ ላይ ግን እለዝባለሁ። በዛሬ ትራፊክ መሐል የሚነዳው ሰው የዲስክ ፍሬን ቸርኬ ቢገጥም አልፈርድበትም፤ የራሱን ታምቡር ከነቸርኬው በዘይት ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ እስካስቀመጠ፣ ሞተር ብስክሌቱንም ሲሸጥ አብሮ እስካስረከበ ድረስ።